የልጅ መንጋጋና የሐኪም ትዕግሥት

(በተማሪዎች ማኅበር የምሽት ስብሰባ ላይ በአንድ የጥርስ ሕክምና ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ ሀገር አስተዳደር፣ ስለ ኢኮኖሚና ስለ ሥነ ጽሑፍ የሚደረግ ንግግር ነው። እኔ ዛሬ ይዤ የቀረብሁት ጉዳይ ግን ከአንድ ሕፃን ጉንጭ አያልፍም። ስለ መንጋጋ ልናገር መሆኔን የሰሙ ጓደኞቼ «አፋችንን ልታስከፍተን ነው ወይ?» ብለው ቀልደውብኛል። አፍ ማስከፈቱን ለጊዜው ልተወውና ጆሮአችሁን ብቻ እለምናለሁ። የሕፃን ጉንጭ ትንሽ ነገር ቢመስልም፤ በዚያች ጉንጭ ላይ የሚሰጠው ውሳኔ ልጁ ሲያድግ እንዴት እንደሚበላ፣ እንዴት እንደሚናገርና በሰው ፊት እንዴት እንደሚቆም የሚወስን ስለ ሆነ፤ ለአንድ ምሽት ብናስብበት ጊዜያችንን አናባክንም።

ልናገር የተነሣሁበት ቁም ነገር በአጭሩ ይህ ነው። በልጅ መንጋጋ ላይ የሚወጣ እብጠት ሁሉ ነቀርሳ አይደለም፤ ነቀርሳ ያልሆነውም ሁሉ ቸል የሚባል አይደለም፤ ከነዚህ እብጠቶች ብዙዎቹ በትልቅ ቀዶ ጥገና ሳይሆን በትንሽ ቀዶ ጥገናና በረጅም ክትትል ይድናሉ። ይህ ክትትል ደግሞ የሐኪሙ ሥራ ብቻ ሳይሆን የወላጅም፣ የመንደርም፣ የእኛም የተማሪዎቹ ሥራ ነው።

አስቀድመን የልጅ መንጋጋ ምን እንደሚመስል እንመልከት። የልጅ መንጋጋ የትልቅ ሰው መንጋጋ በትንሹ የተሠራ አይደለም። አንድ ሕፃን 20 የወተት ጥርሶች አሉት፤ ከነዚህ ሥር በአጥንቱ ውስጥ ቋሚዎቹ ጥርሶች እንደ ቡቃያ ተኝተው ያድጋሉ። በ6 ዓመት ግድም የመጀመሪያው ቋሚ የመንጋጋ ጥርስ ብቅ ይላል፤ ከዚያ በኋላ እስከ 12 እና 13 ዓመት ድረስ የወተት ጥርሶች እየረገፉ በቋሚዎቹ ይተካሉ። ስለዚህ የአንድ የ8 ዓመት ልጅ የታችኛው መንጋጋ በራጅ ሲታይ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ይመስላል፤ ከላይ ያሉት ነዋሪዎች ለመልቀቅ ሲሰናዱ ከታች ያሉት ተራቸውን ይጠብቃሉ። አጥንቱም ራሱ ገና ይረዝማል፣ ይሰፋል። እንግዲህ ከዚህ አጥንት ላይ አንድ ቁራጭ የሚያወጣ ሐኪም ዛሬ የሚታየውን ብቻ ሳይሆን ነገ ሊበቅል የነበረውንም ያወጣል። አንዱ ወገን ተቈርጦ ሌላው ወገን ማደጉን ከቀጠለ ፊት ወደ አንድ ጎን ይጠምማል።

ይሁን እንጂ ተፈጥሮ ለልጅ ያደላችለት አንድ ነገር አለ። የልጅ አጥንት ቶሎ ይጠግናል፤ ባዶ የቀረውን ቦታ ከዳር ወደ መካከል እየሞላ ይሄዳል። በትልቅ ሰው መንጋጋ ላይ ለረጅም ጊዜ ክፍት ሆኖ የሚቀር ጉድጓድ በልጅ መንጋጋ ላይ በወራት ውስጥ በአዲስ አጥንት ሊደፈን ይችላል። ስለዚህ የልጅ ሐኪም ከቢላዋው ሌላ ጊዜ የሚባል ረዳት አለው። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ በዚህ ረዳት ላይ የቆመ ነው።

አሁን «ነቀርሳ ያልሆነ» ስለሚባለው ቃል ጥቂት ልበል። ነቀርሳ ያልሆነ እብጠት ማለት ከበቀለበት ቦታ ተነሥቶ ወደ ሳንባ ወይም ወደ ጉበት የማይዛመት ማለት ነው እንጂ ጉዳት የሌለው ማለት አይደለም። ባለበት ተቀምጦ አጥንት ያሳሳል፣ ጥርስ ይገፋል፣ አፍንጫ ይዘጋል፣ ዐይን ከቦታው ያነሣል፤ መንጋጋውን እስኪሰበር ድረስ ሊቦረቡረውም ይችላል። ስለዚህ ሰዎች ሁለት ስሕተት ይሠራሉ። አንደኛው «ነቀርሳ አይደለም ተብሏል» ብሎ ልጁን ወደ ቤት ይዞ መሄድና ዳግም አለመመለስ ነው። ሁለተኛው ደግሞ «የማይታወቅ ነገር ከሚቀር ሁሉም ተቈርጦ ይውጣ» ማለት ነው። ትክክለኛው መንገድ በነዚህ በሁለቱ መካከል ይገኛል፤ መንገዱን ለማወቅም የእብጠቱን ዓይነት ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ቢላዋ የማያስፈልጋቸውን እንይ። ጥርስ ሊያወጣ የደረሰ ልጅ አንዳንድ ጊዜ ድዱ ላይ ሰማያዊ መሰል ለስላሳ እብጠት ይታይበታል። ይህ ሊወጣ በተቃረበው ጥርስ ላይ ፈሳሽ ቋጥሮ የተነሣ ነው። ጥርሱ ሲወጣ እብጠቱ በራሱ ጊዜ ይፈነዳል፤ ብዙውን ጊዜ ሐኪሙ የሚያደርገው ነገር ቢኖር እናቲቱን ማጽናናት ብቻ ነው።

ከዚህ ከፍ ያለው ኪሩቢዝም የተባለው በሽታ ነው። በ1933 ዓ.ም. (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ዊልያም ጆንስ የተባለ ሐኪም ከአንድ ቤተሰብ በተወለዱ ልጆች ላይ አይቶ የጻፈው ነው። የልጆቹ የሁለቱም ወገን መንጋጋ አብጦ ጉንጫቸው ይሞላል፤ የላይኛውም መንጋጋ ከተነካ ዐይናቸው ወደ ሰማይ የሚመለከት ይመስላል። ስሙም የተገኘው ከኪሩብ ነው። በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ የተሣሉትን ባለ ክንፍ ፊቶች ያየ ሰው ግን ከዚህ በሽታ ጋር አያገናኛቸውም፤ የእኛዎቹ ዐይናቸው ትልልቅና የረጋ ነው። ስሙን ያወጡት ሰዎች ያሰቡት ጉንጫቸው ድቡልቡል የሆነውንና ሽቅብ የሚያንጋጥጡትን የአውሮፓ ሠዓሊዎች ኪሩቦች ነው።

ኪሩቢዝም ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፤ እስከ ጉርምስና ድረስ ያድጋል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሳይነካው እየሟሸሸ ይሄዳል። በ2001 ዓ.ም. ኤስ ኤች 3 ቢ ፒ 2 የተባለው ዘረ መል ሲበላሽ የሚመጣ መሆኑ ታወቀ፤ ከወላጅ ወደ ልጅ ሊተላለፍ ይችላል። እንግዲህ ልብ በሉ። አንድ የ7 ዓመት ልጅ ጉንጩ አብጦ ሲመጣ ሐኪሙ ቸኵሎ ቢቈርጥ፤ ዓመታት ቢጠብቅ በራሱ ሊጠፋ የነበረውን ነገር ከጥርሶቹ ቡቃያ ጋር አብሮ ያጠፋዋል። ስለዚህ እብጠቱ መተንፈስን፣ ማየትን ወይም መብላትን የሚከለክል ካልሆነ በቀር በየጊዜው እየለኩ መጠበቅ ይመረጣል። ነገር ግን ጓደኞቹ እየሣቁበት ትምህርቱን ሊተው የደረሰ ልጅ ቢኖር፤ ይህም ሕመም ነውና ሐኪሙ ከቀኑ አስቀድሞ ጥቂት ቢሞርድለት አይነቀፍም።

ፋይብረስ ዲስፕላዥያ የሚባለውም እንዲሁ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። ጤናማው አጥንት ቀስ እያለ ቃጫ በበዛበት ደካማ አጥንት ይተካና ፊት በአንድ ወገን ያብጣል። የልጁ አካል ማደጉን ሲያቆም ይህም አብዛኛውን ጊዜ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ የተረፈውን አጥንት ሞርዶ ፊትን ማስተካከል ዕድገት ካበቃ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። በቀድሞ ጊዜ በጨረር ለማከም የተሞከረባቸው አንዳንድ ሰዎች ቦታው ወደ ነቀርሳ ተለውጦባቸዋል። ከችኰላ የተነሣ የማይጐዳው ጎጂ ሆነ ማለት ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ መንካት የማያስፈልገውን ስለ መንካት ከተነሣ ዘንድ፤ ስለ ራሳችን ቤት ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በሀገራችን በብዙ ቦታ ሕፃን ልጅ ተቅማጥ ወይም ትኵሳት ሲይዘው ድዱ ይታያል። ያበጠና ነጣ ያለ ነገር ከተገኘ «ግግ ነው» ይባልና በሹል ብረት ተፈልፍሎ ይወጣል። ያ ነጭ ነገር ግን ትልም በሽታም አይደለም፤ ገና ያልወጣው የወተት ክራንቻ ቡቃያ ነው። አጠገቡ ደግሞ የቋሚው ክራንቻ ቡቃያ አለ። ብረቱ ሁለቱን ለይቶ አያውቅም። ሕፃኑ ደም ይፈስሰዋል፤ ቍስሉ ያመረቅዛል፤ በንጹሕ ባልሆነው መሣሪያም ሌላ በሽታ ሊገባበት ይችላል። ከዚህ ሁሉ ቢተርፍ እንኳ ካደገ በኋላ ክራንቻው ሳይወጣ ወይም ተበላሽቶ ይወጣል። ይህ ልማድ በዩጋንዳ፣ በኬንያ፣ በታንዛንያና በሱዳንም ይታወቃል፤ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በሄዱ ቤተሰቦች ልጆች ላይም የዚያ ሀገር የጥርስ ሐኪሞች የጐደሉትን ክራንቻዎች አይተው ጽፈዋል።

እናቲቱን ግን አንወቅሳትም። ልጇ እጇ ላይ እየደከመባት ነው፤ የምታደርገው ነገር ትፈልጋለች፤ የመንደሩ ሽማግሌ ደግሞ አንድ ነገር ይሰጣታል። እኛ «ተዪ» ብቻ ብንላት ባዶ እጇን እንተዋታለን። በእጇ የምናስገባው ነገር መኖር አለበት፤ እርሱም በጨውና በስኳር የተቀመመው፣ ከጤና ኬላ የሚገኘው የተቅማጥ መድኃኒት ነው። ሕፃኑን የሚጐዳው ውሃው ከሰውነቱ መውጣቱ ነውና፤ ውሃውን የሚመልስለት ይህ እንጂ የድዱ መቈረጥ አይደለም።

ሁለተኛው ወገን በትንሽ ቀዶ ጥገናና በብዙ ትዕግሥት የሚድነው ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ዴንቲጄረስ ሲስት የተባለው፣ ባልወጣ ጥርስ አናት ዙሪያ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ነው። ከረጢቱ በውስጡ ያለው ፈሳሽ እየገፋው ያድጋል፤ አጥንቱን ያሳሳል፤ ጥርሱን ወደ ጥልቅ ይነዳዋል። ብዙ ጊዜ አያምም፤ ስለዚህ ማንም ሳያውቀው ዓመት ያልፋል።

ይህን ከረጢት ለማከም ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ከረጢቱን ከነጥርሱ ፈልፍሎ ማውጣት ነው፤ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን በትልቅ ከረጢት ጊዜ የጎረቤት ጥርሶች ቡቃያዎችና ወደ ከንፈር የሚሄደው ነርቭ አብረው ሊጐዱ ይችላሉ። ሁለተኛውን መንገድ በ1892 ዓ.ም. በዚያን ዘመን የጀርመን ከተማ በነበረችው በብሬስላው ይሠራ የነበረው ካርል ፓርች ጻፈው። ሐሳቡ እጅግ ቀላል ነው። ከረጢቱ የሚያድገው ተዘግቶ ስለሚገፋ ከሆነ ለምን መስኮት አንከፍትለትም? ሐኪሙ ከድዱ በኩል አንድ መስኮት ይከፍታል፤ ከግድግዳው ጥቂት ቈርጦ ለምርመራ ይልካል፤ መስኮቱ እንዳይዘጋ ፋሻ ወይም ትንሽ ቱቦ ያኖርበታል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የእናትና የአባት ነው፤ በየቀኑ ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውሃ ጉድጓዱን ያጥባሉ። ግፊቱ ስለ ጠፋ አጥንቱ ከዳር እየሞላ ይመጣል፤ ከረጢቱ ይጠብባል፤ የተቀበረው ጥርስ ሥሩ ገና ያላለቀ ከሆነ ራሱ መንገዱን አግኝቶ ወደ ላይ ይነሣል። ይህ በሳምንት አይሆንም፤ ወራት ይፈጃል፤ አንዳንዴም ከዓመት ያልፋል። አባቶቻችን «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት ለዚህ የተነገረ ይመስላል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው፤ ይህ ሕክምና ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ራጅ፣ ማደንዘዣ፣ ንጹሕ ቢላዋና የምትመለስ እናት ካሉ ይበቃዋል።

ኦዶንቶማ የተባለው ደግሞ ይበልጥ የዋህ ነው። በአጥንቱ ውስጥ እንደ ጥራጥሬ የተበተኑ ትናንሽ ጥርስ መሰል ነገሮች ተከማችተው ይገኛሉ፤ የሚያደርሱትም ጉዳት ቋሚውን ጥርስ መንገድ መዝጋት ነው። ከቦታቸው ሲለቀሙ አብዛኛውን ጊዜ አይመለሱም፤ የታገደውም ጥርስ ሊወጣ ይችላል። ምልክቱ በቤት ውስጥ ይታያል፤ የወተት ጥርስ ጊዜው አልፎ አልረግፍ ካለ ወይም በአንድ ወገን ያለው ጥርስ ወጥቶ የሌላው ወገን ከቀረ ምክንያቱን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ወገን ሐኪሞችን እስከ ዛሬ የሚያከራክረው ነው። በ1953 ዓ.ም. ሄንሪ ጃፍ የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ለይቶ የገለጸው የጃየንት ሴል ግራኑሎማ አንዱ ነው። በውስጡ አጥንት የሚበሉ ግዙፍ ሕዋሳትን ይዟል፤ በልጆችና በወጣቶች ላይ፣ ይልቁንም በሴቶች ይበዛል። አንዳንዱ ቀስ ብሎ ያድጋልና ተጠርጎ ሲወጣ ይድናል። አንዳንዱ ግን ኀይለኛ ነው፤ ያምማል፣ ጥርስ ሥር ይበላል፣ ተጠርጎም ይመለሳል። ቢላዋ ከመነሣቱ በፊት ደም መመርመር ግዴታ ነው፤ በአንገት ላይ ያሉት አራት ትናንሽ ዕጢዎች ሲታመሙ በመንጋጋ ላይ የሚያወጡት እብጠት በማይክሮስኮፕ ከዚህ አይለይምና። በዚያ ጊዜ የሚታከመው አንገቱ እንጂ መንጋጋው አይደለም።

ለኀይለኛው ዓይነት መድኃኒቶችም ተሞክረዋል። ስቴሮይድ በእብጠቱ ውስጥ በመርፌ መስጠት፣ ካልሲቶኒን መስጠት፣ በቅርቡም ዴኖሱማብ የተባለው መድኃኒት ግዙፎቹን ሕዋሳት ሥራ እንዲፈቱ ያደርጋል። እነዚህ ትልቅ ቀዶ ጥገናን ሊያስቀሩ ወይም ሊያሳንሱ ይችላሉ። ነገር ግን በሚያድግ ልጅ ላይ ዴኖሱማብ ሲቋረጥ በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም በድንገት ወደ አደገኛ መጠን ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ደሙን በየጊዜው መመርመር በማይቻልበት ቦታ ይህ መድኃኒት ስጦታ ሳይሆን ወጥመድ ይሆናል። አዲስ ነገር ሁሉ ለሁሉ ቦታ አይሆንም።

ኬራቶሲስት የተባለው ከረጢትም ብልሃተኛ ጠላት ነው። ግድግዳው ስስ ስለ ሆነ ሲወጣ ይቀደዳል፤ ትንሽ ቁራጭ ከቀረች ከዓመታት በኋላ ትመለሳለች። የዓለም የጤና ድርጅት በ2005 ዓ.ም. ከዕጢዎች ጋር መደበው፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ከረጢቶች ማዕርግ መለሰው። ሊቃውንቱ በስሙ ሲከራከሩ ልጁ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ለረጅም ዓመታት በየጊዜው ራጅ መነሣት። ከአንድ በላይ ኬራቶሲስት ያለው ልጅ ደግሞ ጐርሊንና ጐልትዝ በ1960 ዓ.ም. የገለጹት የዘር በሽታ እንዳይሆን ሰውነቱ ሁሉ፣ ቤተሰቡም ጭምር መታየት አለበት።

በመጨረሻ አሜሎብላስቶማ አለ። ይህ ወደ ሩቅ አካል እጅግ አልፎ አልፎ ካልሆነ አይዛመትም፤ ነገር ግን ድንበር እየገፋ አጥንቱን ይወርሰዋል። በትልቅ ሰው ላይ የተለመደው ሕክምና ከእብጠቱ ዳር 1 እስከ 2 ሴንቲሜትር የሚሆን ጤናማ አጥንት ጨምሮ መቍረጥ ነው። በልጆችና በወጣቶች ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው በ1977 ዓ.ም. ሮቢንሰንና ማርቲኔዝ የለዩት ባለ አንድ ከረጢት ዓይነት ነው። ይህ መስኮት ተከፍቶለት ከጠበበ በኋላ ተፈልፍሎ ሊወጣ፣ መንጋጋውም ሊተርፍ ይችላል፤ ነገር ግን ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳ ተመልሶ የተገኘበት ጊዜ አለ። መቍረጥ ግድ ከሆነ መንጋጋውን ከዳሌ አጥንት፣ ከ1989 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከነደም ሥሩ በሚወሰድ የእግር አጥንት መልሶ መሥራት ይቻላል። ይህ ግን የብዙ ሰዓት ቀዶ ጥገናና የሠለጠነ ቡድን ይፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብኝ። ትዕግሥትን ሳመሰግን የቈየሁት እብጠቱ ነቀርሳ አለመሆኑ በናሙና ምርመራ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። በ1958 ዓ.ም. በካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ዴኒስ በርኪት በአፍሪካ ልጆች መንጋጋ ላይ የሚወጣ ክፉ ነቀርሳ መኖሩን ለዓለም አስታወቀ። በ1961 ዓ.ም. ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በአንድ አሮጌ መኪና 10,000 ማይል ያህል እየዞረ ነቀርሳው የት የት እንደሚገኝ መረመረ። ይህ ነቀርሳ በቀናት ውስጥ እጥፍ ይሆናል፤ የመጀመሪያው ምልክቱም ያለ ምክንያት የሚነቃነቅ ጥርስ ሊሆን ይችላል። ሆኖም በጊዜ ከተደረሰበት ያለ ቢላዋ በመድኃኒት ይድናል። ስለዚህ ሕጉ እንዲህ ነው፤ በወራትና በዓመታት የሚያድግ እብጠት ጊዜ ይሰጠናል፤ በቀናትና በሳምንታት የሚያድግ ግን አንዲት ሌሊት አይታደርበትም። በዐይን አይቶ «ይህ ደግ ነው፣ ይህ ክፉ ነው» የሚል ሰው ሐኪምም ቢሆን አይታመን።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ደርሰናል። ሁለት ልጆች እናስብ። ሁለቱም 10 ዓመታቸው ነው፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት፣ መስኮት ተከፍቶለት ሊድን የሚችል እብጠት አላቸው። የአንደኛው ቤት ከሆስፒታሉ በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት ነው። የሁለተኛው ቤት የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ አባቱ ለመምጫው አንድ በግ ሸጧል፤ ለመመለሻው የሚሸጠው የለውም። ሐኪሙ ለመጀመሪያው ልጅ መስኮት ይከፍታል። ለሁለተኛውስ? መስኮት ከፍቶ ልጁ ባይመለስ ፋሻው ይበሰብሳል፤ እብጠቱም ተመልሶ ያድጋል፤ በ15 ዓመቱ የሚመጣው ግማሽ መንጋጋው ከተበላ በኋላ ይሆናል። ስለዚህ ሐኪሙ አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚያገኘው አስቦ ሰፋ አድርጎ ሊቈርጥ ይችላል። እንዲህ ያደረገውን ሐኪም ጨካኝ ብለን ልንፈርድበት አንችልም። ነገር ግን አንድ ነገር እናስተውል፤ የሁለተኛውን ልጅ መንጋጋ የቈረጠው በሽታው አይደለም፤ የመንገዱ ርቀትና የበጉ ዋጋ ነው።

በመጻሕፍት የተጻፈው የሕክምና ክርክር «ትንሽ እንቍረጥ ወይስ ብዙ?» ይላል። በእኛ ሀገር ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ «ልጁ ይመለሳል ወይ?» የሚል ነው። ትንሹን ቀዶ ጥገና ትንሽ የሚያደርገው መመለስ ነው። መመለስ ከሌለ ትንሹ ቀዶ ጥገና ከትልቁ ይልቅ አደገኛ ይሆናል። መመለስን ደግሞ በቢላዋ መሥራት አይቻልም፤ የሚሠራው በሰው ነው።

እንግዲህ እኛ ምን እናድርግ? ከዐቅማችን በላይ አላስብም፤ ሦስት ነገሮች ብቻ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ክረምት ሲገባ ወደየሀገራችን እንበተናለን። ታናናሽ ወንድሞቻችንንና እኅቶቻችንን፣ የጎረቤትም ልጆች፣ አፋቸውን እንይ። ከሁለት ሳምንት በላይ የቈየ እብጠት፣ ያለ ጊዜው የሚነቃነቅ ጥርስ፣ በአንድ ወገን ብቻ የቀረ ጥርስ፣ የደነዘዘ ከንፈር፣ ወደ አንድ ጎን የሄደ ፊት፤ ከነዚህ አንዱን ካየን ራጅ ወዳለበት ቦታ እንዲሄድ እንምከር። የጥርስ ሕክምና ተማሪ መሆን አያስፈልግም፤ ዐይንና የፀሐይ ብርሃን ይበቃሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው ቤት ለቤት እየዞሩ ይሠራሉ፤ እነርሱም ይህን እንዲያዩ ብንነግራቸው በደስታ ይቀበሉናል ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛ፤ ስንናገር በአክብሮት እንናገር። ያበጠ ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች ብዙ ጊዜ ልጁን ከእንግዳ ይደብቁታል፤ እርግማን ወይም ቡዳ ነው ብለው ይፈራሉ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን የራሳቸውን ተረት እናስታውሳቸው እንጂ በትምህርታችን አንኵራራባቸው። «እማማ፣ ይህ የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ የልጁም አይደለም፤ ሕክምና አለው» የምትል አንዲት ንግግር ከብዙ የጽሑፍ ማስታወቂያ ትበልጣለች።

ሦስተኛ፤ መመለስን እናግዝ። ከሩቅ የመጣ ቤተሰብ በከተማው ውስጥ የሚያድርበት ዘመድ የለውም፤ ካርዱን የሚያነብለት፣ የትኛው በር እንደሚገባ የሚያሳየው የለም። እኛ ግን ከየአውራጃው የመጣን ነን፤ በየሀገሩ ቋንቋ የምንናገር ነን። ከወጣበት አካባቢ ለመጣ አንድ ልጅ አንድ ተማሪ ኀላፊ ቢሆን፤ የቀጠሮውን ቀን በስልክ ቢያስታውሰው፣ የራጁን ፎቶግራፍ በስልኩ ይዞ ቢያስቀምጥለት፣ አውቶቡስ ተራ ሄዶ ቢቀበለው፤ ያ ሁለተኛው ልጅ እንደ መጀመሪያው ልጅ ይሆናል። ይህን ለማድረግ ማኅበራችን ገንዘብ ማዋጣት አያስፈልገውም፤ የስም ዝርዝርና ቃል የሚጠብቁ ሰዎች ብቻ ይበቁታል። ጉዳዩ በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ እንዲነሣ ሐሳቤን ለሊቀ መንበሩ በአክብሮት አቀርባለሁ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ሕክምና በየዓመቱ አዲስ ነገር ያወጣል። ለመንጋጋ እብጠት ገና ብዙ መድኃኒቶች ይገኙ ይሆናል። ነገር ግን ፓርች በ1892 ዓ.ም. የከፈታት መስኮት ዛሬም ትሠራለች፤ የምትሠራውም በየቀኑ የጨው ውሃ ይዛ የምትቆም እናትና በቀጠሮው ቀን የሚከፈት በር ሲኖሩ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላልና፤ ቅጠሉ በእጃችን ሳለ እሳቱን እንቅደመው።

 አሁን ጥያቄ ያለው ይጠይቀኝ፤ አፉን ሊያሳየኝ የሚፈልግም ካለ አላፍርበትም፤ ይምጣ።